ሄክተር ማክፊ ያቃጠለው ሣር

በአንድ ወቅት፣ ሣሩ እንደ ባሕር በሚተኛበትና በሚነሣበት፣ ነፋሱ ግን መተኛት በማያውቅበት አገር፣ ሄክተር ማክፊ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ይኖር ነበር ማለት ይከብዳል። ያድር ነበር እንበል። የተወለደው ስኮትላንድ፣ የሚያርሰው አሜሪካ፣ ልቡ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጥሎ ሄዷል።

ቤት ይሠራል፤ ጣሪያውን ሳይጨርስ ዓይኑ ወደ ምዕራብ ያማትራል። አጥር ያጥራል፤ የመጨረሻውን እንጨት ሳይተክል ውስጥ እግሩን ይበላዋል። ሚስቱ ኡና ታውቀው ነበር። «ይሄ ሰው ሲሞት ሣጥኑን መንኰራኩር ላይ አስቀምጡለት» ትላለች ለጎረቤት። «አለዚያ ተነሥቶ ይሄድባችኋል።» ጎረቤት ይስቃል። እርሱም ይስቃል። እየሳቀ ግን ወደ ደጅ ያያል።

*

ምክንያት ነበረው።

ልጅ ሳለ፣ በደሴታቸው ላይ መሬቱ የጌታው፣ ገበሬው ጭሰኛ ነበር። አንድ ዓመት ጌታው «ከሰው በግ ይሻለኛል» አለ። በግ አይከራከርም፤ ሱፉም ይሸጣል። ሎሌዎቹ መጡ። ጭሰኞቹ ተመልሰው እንዳይገቡ የየቤቱን ጣሪያ አቃጠሉት። ሄክተር የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ የጣሪያቸው አግዳሚ ለሁለት ተሰብሮ ሲወድቅ አየ። እናቱ አላለቀሰችም። «ና እንሂድ» ብቻ አለችው።

ከዚያ ወዲህ የሚያየው ጣሪያ ሁሉ ሲቃጠል ይታየዋል። ስለዚህ ማንም ሳያስወጣው በፊት ራሱ ቀድሞ ይወጣል።

*

መርከብ። ትውከት። የወደብ ከተማ፣ ከሰል ተሸካሚነት፣ ጥቁር ምራቅ። ኡናን ማግባት። ከዚያ ጫካ፤ ዛፍ መጣል፣ ጉቶ መንቀል፣ በጉቶዎቹ መካከል ድንች መትከል፣ ድንቹ ሲደርስ መሬቱን ለሌላ ሰው ትቶ መነሣት። ከዚያ ወንዝ ዳር፤ ወባ። አሁንም መነሣት። ቶርኪል በጫካው ተወለደ፣ ኤፊ በወንዙ ዳር፣ ሮሪ ደግሞ በሚሄድ ሠረገላ ላይ፣ የማንም ባልሆነ መንገድ መካከል።

በመጨረሻ ሣር። ዓይን እስኪደክም ሣር።

ኡና ከሠረገላው ስትወርድ መጀመሪያ ያየችው የድሮ ምድጃ ነው፤ አመዱ በዝናብ ተለስኖ መሬት መስሏል።

«እዚህ ሰው ነበረ» አለች።

«ነበረ። ነባሮቹን ወታደር አስነሥቷቸዋል አሉ።»

ኡና አመዱን በእግሯ ነካ አደረገች። «እኛን በበግ አስነሡን። እነዚህን ደግሞ በእኛ አስነሧቸው። እንግዲህ እኛ እዚህ አገር ጭሰኛ ነን ወይስ በግ?»

ሄክተር አጎንብሶ ሣሩን ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ እንደ ጡብ መቁረጥ ጀመረ። ዛፍ በሌለበት አገር ቤት የሚሠራው በዚያ ነው። ግድግዳው አፈር ሆነ። ጣሪያውን ግን እንደ ደሴቱ ቤት በደረቅ ሣር ከደነው፤ ሌላ ዓይነት ጣሪያ አያውቅም ነበር።

ኡና በዚያ ቤት ታማ ሞተች። ከቤቱ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ቀበሯት።

ከዚያ በኋላ ሄክተር አልሄደም። አልተቀመጠምም። በየቀኑ እስከ አጥሩ ይደርሳል፣ አጥሩን ይጨብጣል፣ ይመለሳል። ልጆቹ እንዲህ ሲመላለስ እያዩት አደጉ።

*

ቶርኪል ትልቁ ነው። እንደ በሬ ዝግ ያለ፣ እንደ በሬም የማይመለስ። እርፍ ከጨበጠ ዝናብ አያስለቅቀውም። ማርሴሊ የምትባል የጎረቤት ልጅ አገባ፣ ሴት ልጅ ወለዱ፣ ልጅቷ ገና ዳዴ አላለችም።

ኤፊ መካከለኛዋ ናት። ከብቶቹ የእርሷ ናቸው፤ በየስማቸው ትጠራቸዋለች፣ በየስማቸው ትሰድባቸዋለች። የምትፈራው አባት የላትም፤ ሄክተርን «አንተ» የምትለው እርሷ ብቻ ነበረች።

ሮሪ ትንሹ፣ የአባቱ ልጅ ነው። አንድ እግሩ ከቤት፣ አንድ እግሩ ከደጅ። የጀመረውን ሥራ አይጨርስም፤ ሌላው ያላሰበውን ግን ያስባል።

አንድ መከር ላይ ሄክተር ሦስቱን ሰበሰባቸው።

«በረዶ ሲቀልጥ ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ሠረገላዎች ያልፋሉ። አብሬ እሄዳለሁ።»

«በዚህ ዕድሜህ?» አለች ኤፊ። «ምን አለ እዚያ?»

«ተራራ አለ ይላሉ።»

«ተራራውን አይተህስ?»

«ከተራራው ወዲያ ያለውን አያለሁ።»

ሮሪ ሳቀ። ቶርኪል አልሳቀም።

«መሬቱ ለአንዳችሁ ነው» አለ ሄክተር። «አይከፈልም። በደሴታችን ወንድማማቾች ሲከፋፈሉ ሲከፋፈሉ፣ ላም ስትተኛ ጅራቷ የጎረቤት ማሳ ይገባ ነበር። ጎረቤቱም ጅራቷን ይከስሳል። እንዲያ ተበጣጥሰን ስናበቃ ነው ጌታው እንደ አቧራ ጠርጎ ያወጣን።»

«ለማን ነው ታዲያ?» አለ ሮሪ።

«ለዚህ ቤት የሚሆነውን ለይቼ ስሙን በሁላችሁ ፊት እጠራለሁ። የቀሩት ይመርቁታል።»

ሦስቱም እሺ አሉ። ቃል ተሰጠ። ሄክተር በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላው የቆመ ጣሪያ ትቶ ሊሄድ ነው። 

*

አሁን ስለ እሳት።

በደሴታቸው ኮረብታውን የሚሸፍን፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ አጭር ቁጥቋጦ አለ። ሲያረጅ ይጠነክራል፣ ከብት አይበላውም። ስለዚህ ሰዎቹ ያቃጥሉታል፤ ከአመዱ ሥር ለምለሙ ይወጣል። እዚያ እሳት የዋህ ነው። መሬቱ ረጥቧል፣ ሰማዩ ሁልጊዜ ሊያለቅስ የደረሰ ነው፣ በዙሪያው ባሕር አለ። ወንዶቹ ቅጠላም ቅርንጫፍ ይዘው እንደ እረኛ ከጎን ከጎኑ ይሄዳሉ። ሲበቃቸው በቅርንጫፉ መታ መታ ያደርጉታል፤ ተኛ ሲሉት ይተኛል።

ሄክተር በሣሩም አገር ይህንኑ ያደርግ ነበር፤ ሁልጊዜ በረዶ በቀለጠ ማግሥት፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ። ይሳካለት ነበር። ዘንድሮ ግን በረዶ ሲቀልጥ ሊሄድ ነው። ለሚቀረው ልጅ ለምለም ግጦሽ ትቶ መሄድ ፈለገ። መጠበቅ አልቻለም። መቼስ መጠበቅ ችሎ ያውቃል?

በዚያው መከር፣ የአንዱ ቀን ማለዳ ፀጥ ያለ ነበር። ቶርኪል ከቤቱ አጠገብ ያለውን የገለባ ማሳ በሁለት ፈረስ ያርስ ነበር። አባቱ ችቦና ቅርንጫፍ ይዞ ሲያልፍ ፈረሶቹን አቆመ።

«አባቴ፣ ሣሩ እኮ ደርቋል። ጸደይን ይጠብቁ።»

«ረግረጉ ያቆመዋል።»

«ረግረጉም ደርቋል።»

«እኔ እሳት ስጠብቅ አንተ አልተወለድክም» አለው ሄክተር፣ አለፈ።

ከቤቱ በስተምዕራብ ርቆ ሄዶ ለኮሰ። እሳቱ መጀመሪያ እንደ ደሴቱ እሳት ነበር፤ ጎንበስ ብሎ፣ እየተንተባተበ፣ እንደ አሮጊት ዝግ ብሎ ሄደ። ሄክተር ፈገግ አለ። ከጎኑ መራመድ ጀመረ።

ከዚያ ነፋሱ ከኋላው መጣ።

እሳቱ ከወገቡ ቀና አለ። ሮጠ። ሄክተር ቅርንጫፉን ይዞ በስተጎን ዞሮ ቀደመው፤ ሣሩ ከሚሳሳበት ከደረቀው ረግረግ ወዲህ ሊያቆመው። አንዴ መታው፣ ሁለቴ መታው። ሦስተኛውን ሊመታ ሲል እግሩ የፍልፈል ጉድጓድ ገባ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማው፤ ሕመሙ በኋላ ነው የመጣው።

ከፊቱ እሳት። ከኋላው ረጅም ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ ቤቱ። የሣር ጣሪያው ቁልጭ ብሎ ይታየዋል።

ተኝቶ ያየው ጭስና ሰማይ ነው። ቤቱ ጋ የሆነውን ሦስቱም በኋላ ለየብቻ ነግረውታል። በሆነው ነገር አንድ ቃል አይለያዩም። የሚለያዩት በሌላ ነው።

*

ቶርኪል አባቱ ሲወድቅ አየ።

ፈረሶቹን አዞረ። ወደ አባቱ አይደለም፤ በቤቱና በሣሩ መካከል፣ ማረሻውን ወደ መሬቱ ጨክኖ ሰክቶ ነዳ። የታረሰ መሬት አይቃጠልም። ሰፊ ትልም ከደረሰ እሳቱ ይቆማል። ቤት ውስጥ ልጁ ተኝታለች። የሚሸሹበት ወንዝ ሩቅ ነው።

ኤፊ ከከብቶቹ መካከል እየሮጠች መጣች፣ ቢላዋዋን መዘዘች፣ የአንዱን ፈረስ ጠፍር ያዘች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ተዪው!»

«አባባ ወድቋል፤ አላየህም?»

«አይቻለሁ። ልጄ ደግሞ ቤት ውስጥ ናት።»

«እንግዲያው አንተ ልጅህን፣ እኔ አባቴን!»

ጠፍሩን ቆረጠችው። ቶርኪል አልተከተላትም፤ አልረገማትምም። በቀረው ፈረስ አጠገብ ገብቶ የተቆረጠውን ጠፍር በደረቱ አሠረ። ማርሴሊ ልጅቷን ከአልጋ ላይ ትታ ወጣችና እርፉን ጨበጠች። ፈረስ በአንድ በኩል፣ ሰው በአንድ በኩል፣ እየጎተቱ አረሱ። ትልሙ ተጣመመ፣ ጠበበ፤ ግን አልተቋረጠም። የዓመቱ የስንዴ ክምር በስተደቡብ ነበር። ክምሩን ለማካተት ቢዞር ጊዜ አይበቃውም። ከትልሙ ውጭ ተወው። ዞር ብሎም አላየው።

*

ኤፊ ወደ እሳቱ ጋለበች።

የፈረሱን ዓይን በሻሿ ሸፍና፣ ራሷ ዓይኗን ገልጣ። ረግረጉ ዳር ሣሩ ስስ ስለነበር እሳቱ ለጥቂት ጊዜ አንገራገረ፤ አባቷን ያገኘችው በዚያች መንገራገር ውስጥ ነው።

«ተዪኝ» አላት።

«ዝም በል። እጅህን ስጠኝ።»

«ኤፊ፣ ቤቱ —»

«ቤቱን ሌላ ሰው ይሠራዋል። አንተን የሚሠራ የለም። ና ውጣ፣ አንተ ሽማግሌ!»

በብብቱ ይዛ አነሣችው። ጮኸ። እንደ ጆንያ ፈረሱ ላይ አጋደመችው፣ ከኋላው ወጣች፣ ወደ ቤት አዞረች።

ያን ጊዜ ሄክተር ከፊታቸው፣ ከቤቱ በኩል፣ ሌላ ጭስ ሲነሣ አየ። ቀጭን ነበር፣ ከዚያ ሰፋ። ኤፊ «ምንድን ነው እሱ?» አለች። ሄክተር ግን መጠየቅ አላስፈለገውም። ማን እንደለኮሰውም አወቀ። እርሱ ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር።

*

ሮሪ ጣሪያው ላይ ውሃ ሲያፈስ ነበር።

ከዚያ ከፍታ ሁሉን ያያል። ትልሙን አየ፤ እሳቱንም አየ። እሳቱ በዚያች ጠባብ ትልም ላይ እንደ ፍየል ዘሎ እንደሚያልፍ ገባው። ወረደ፣ ከምድጃው የሚነድ እንጨት መዘዘ፣ ትልሙን ተሻግሮ ቆመ። የተቃጠለ ሣር ሁለተኛ አይቃጠልም። ከትልሙ ማዶ ያለው ሣር በትንሽ እሳት ቀድሞ ቢነድ፣ ትልቁ እሳት ሲደርስ የሚበላው አያገኝም።

ቶርኪል ከጠፍሩ ውስጥ ሆኖ ጮኸ። «አንተ እብድ! እዚያ ውስጥ ናቸው!»

ሮሪ ያውቃል። «ኤፊ!» ብሎ ተጣራ። የእሳቱ ጩኸት ብቻ መለሰ። «አባቴ!» ምንም። ማርሴሊ ልጇን ከቤት አምጥታ በጉያዋ ይዛለች፤ ወዴት እንደምትሮጥ አታውቅም፤ ሠረገላውን ለመጎተት የቀረው ፈረስ ብቻውን አይበቃም።

ሮሪ ጎንበስ ብሎ ለኮሰ።  

እሳቱ በነፋሱ ወደ ቤት ሊመለስ ሞከረ፤ የቶርኪል ትልም ያዘው። ስለዚህ ዝግ ብሎ፣ በነፋሱ ላይ እየተሳበ፣ ወደ ማዶ ሄደ። ወደ ኤፊና ወደ አባቷ።

ኤፊ ከኋላዋ ያለውንና ከፊቷ ያለውን አመዛዘነች። የፊተኛው ዝቅ ያለ ነበር። የፈረሱን ሆድ በተረከዟ መታች፤ በነበልባሉ ውስጥ ዘለሉ፤ ቀሚሷ ተያያዘ፤ ከማዶ ጥቁር መሬት ላይ ወደቁ። የሚጨስ፣ ግን የማይነድ መሬት። ሮሪ ያቃጠለው መሬት።

ሁለቱ እሳቶች ከኋላቸው ተገናኙ። እንደ ሁለት ውሻ ተያይተው ቀና አሉ። የሚናከሱበት ሥጋ ግን አልቋል። ሞቱ።

ቤቱ ቆሟል። ስንዴው አመድ ሆኗል፤ የትኛው እሳት እንደበላው አይታወቅም።

ኤፊ የተቃጠለ ቀሚሷን እየጎተተች ሄዳ ሮሪን በጥፊ መታችው።

«እዚያ ውስጥ እንዳለን አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሁለተኛ መታችው።

*

ከሰንበቱ ጸሎት በኋላ ጎረቤቶቹ በላክላን ጋጣ ተሰበሰቡ። ላክላን ከዚያው ደሴት የመጣ ሽማግሌ ነው፤ ሚስቱ ሞራግ ትባላለች። ሄክተር እግሩ በእንጨት ታስሮ ከድርቆሽ ላይ ተቀምጧል።

«ወንድሜ ሄክተር» አለ ላክላን፣ «በደሴታችን እሳት ስንለኩስ ባሕር ነበረን። እዚህ ባሕሩን የት አገኘኸው?»

«ሣሩ ባሕር መስሎኝ።»

ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«እኔን ብትጠይቁኝ መሬቱ ለቶርኪል ነው» አለ ላክላን። «ትልሙ ባይኖር የሮሪ እሳት ራሱ ቤቱን ይበላው ነበር። የራሱን ስንዴ ትቶ ነው ያረሰው። ሰውየው በጠፍር ገባ እኮ! እንደ ከብት!»

«አባቱ ወድቆ እያየ» አለች ሞራግ።

«እና?»

«እናማ፣ እኔ ብወድቅ አንተ ልታርስ ነው?»

«አንቺማ አትወድቂም። ታስወድቂያለሽ እንጂ።»

«ሳቅ» አለች ሞራግ። «መሬት በየትም አለ፤ ስንቱን ትተን መጣን። አባት ግን አንድ ነው። ይገባታል የምለው ኤፊን ነው።»

ከኋላ የቆሙት ወጣቶች አጉረመረሙ። «ሮሪ ባይለኩስ እኮ» አለ አንዱ፣ «ቶርኪልም ከነትልሙ፣ ልጅቷም፣ ቤቱም አልነበሩም። ኤፊስ ብትሆን የቆመችው በምን ላይ ነው? እርሱ ባጠቆረው መሬት አይደለም?»

«ሊያቃጥላት በለኮሰው!» አለች ሞራግ።

«ፈረሱን ባትወስድ ትልሙ ይሰፋ ነበር፤ መለኮስም ባላስፈለገ!»

«ፈረሱን ባትወስድ ሄክተር ዛሬ እዚህ ተቀምጦ አይሰማህም ነበር፤ አንተ አፈ ሰፊ!»

ማርሴሊ ልጇን እንዳቀፈች ተነሣች። «አማቴ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «እሳቱን የለኮሱት እርስዎ፤ ፍርዱንም የሚሰጡት እርስዎ። ይሄ እንዴት ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ ሄክተር ዞረ። ሄክተር የታሰረ እግሩን አየ።

«አላውቅም» አለ። «ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

*

ክረምቱ ገባ። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች በሦስት የተለያየ ሰዓት ይበሉ ጀመር። ኤፊና ሮሪ አይነጋገሩም። ቶርኪል ከኤፊ ጋር ይነጋገራል፤ ስለ ላም ብቻ። ሄክተር መሄድ በማይችልበት እግሩ፣ ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ አልጋው ይመላለሳል። በረዶው ደጁን ዘግቷል። መውጣት አለመቻል ያሳብደዋል።

አንድ በአንድ መጡ።

ቶርኪል ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆመ። «አባቴ፣ ያን ቀን አይቼዎታለሁ፤ አልዋሽም። እየሞቱ ነው ብዬ እያሰብኩ ነው ያረስኩት። ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። መሬቱን ባይሰጡኝ ልጄን ይዤ ሌላ ቦታ መሄድ አለብኝ። እኔ እንደ እርስዎ መሄድ አልችልበትም።»

ኤፊ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ከክንዷ ላይ የተቃጠለው ቆዳ ገና አልጠገገም። «ለእኔ ከሰጠኸኝ ቶርኪልን አላስወጣውም፤ ይረስ፣ ይኑር። ሮሪ ግን ደጄን አይረግጥም። ይህን አውቀህ ስጠኝ።» ከዚያ፣ «ባትሰጠኝም ያወጣሁህ ለመሬት ብዬ አይደለም» አለች፣ ተነሥታ ወጣች።

ሮሪ በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም። «እኔ ብሆን አልቀመጥበትም። ያውቃሉ። በማግሥቱ ለቶርኪል እለቅለታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትፈልገዋለህ?»

«ስሜን እንዲጠሩ ነው። ኤፊ ነፍሰ ገዳይ ትለኛለች። ቶርኪል አይለኝም፤ ግን ያስባል። አንድ ሰው በሁሉ ፊት፣ ያ ልጅ ትክክል ነበር ይበል። ከዚያ እሄዳለሁ።»

ሄክተር ልጁን አየው። ራሱን በበር ላይ ቆሞ ያየ መሰለው፤ ደነገጠም፣ አዘነም።

*

በረዶው ቀለጠ። የተቃጠለው መሬት ከሌላው ሁሉ ቀድሞ አረንጓዴ ሆነ፤ ከብቶቹ በሩጫ ገቡበት።

ሠረገላዎቹ ከምሥራቅ መጡ። ሄክተር በምርኩዝ ወጥቶ፣ ላክላን ደግፎት፣ ከአንዱ ላይ ተቀመጠ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል። የጉዞው መሪ ከፊት ሆኖ «ሽማግሌ፣ እንሂድ?» አለ።

«ጥቂት ቆየኝ።»

ሦስቱ ከሠረገላው በታች ቆመዋል። ቶርኪል ኮፍያውን አውልቋል። ኤፊ ክንዷን ሸፍናለች። ሮሪ እጆቹን ከኪሱ ከትቷል።

ሄክተር ያስባል። ቶርኪል ቢል፣ የወደቀ አባትን አይቶ ማረስ ልክ ነው ማለቱ ነው። ኤፊ ቢል፣ በሮሪ ላይ እድሜ ልክ ፈረደ። ሮሪ ቢል፣ ከእሳት ያወጣችው ልጁ እያለች፣ እሳት ለለኮሰባት ወንድሟ ሰጠ። ዝም ብሎ ቢሄድ ደግሞ ሦስቱ በየፊናቸው ይበተናሉ፤ ቤቱም ሰው አልባ ይቀራል። ጣሪያውን አየ። ቆሟል። ሦስቱም ናቸው ያቆሙት፤ ሦስቱም ሊጥሉት ደርሰው ነበር።

«አባባ» አለች ኤፊ፣ «በል ተናገር። ፈረሶቹ አልቆም አሉ።»

ሄክተር ምርኩዙን ከጉልበቱ ላይ አጋደመ።  አፉን ከፈተ።

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን የላክላን ወገኖች በአንድ መንገድ፣ የሞራግ ወገኖች በሌላ መንገድ፣ ወጣቶቹም በሦስተኛ መንገድ ይተርኩታልና አንዱንም አላምንም። እናንተ ግን ሰምታችኋል። ልጁን ብሎ አባቱን የተወ፣ አባቷን ብላ ቤቱን የተወች፣ ቤቱን ብሎ አባቱንና እህቱን የተወ። በሠረገላው ላይ የተቀመጣችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ያ መሬት የሚገባው ለማን ነው? የማንን ስም ትጠሩ ነበር?